ጾም የሚያወይበው ዓይን

የሰደበው ደስታው ነው፤ በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሃያ ሰባት፣ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ፣ በወንዳወቅ ግቢ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር በተቀመጠበት። ዳኘው ይህን ከሚረሳ ስሙን ቢረሳ ይቀለዋል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እሱ ዘንድ ሲደርስ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ደስታው፣ ዓይን ዓይኑን አየና «እለፈው! የሌሊት ወፍ የሸናችበት ሰው ከንፈሩን ካስነካው ሁላችን ልንወይብ ነው» አለ።

«ኧረ ወፏስ አረቄ ትባላለች!» ብሎ አንዱ ከጥግ ጨመረበት።

አሥራ አንድ ሰው ሳቀ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም።

አረቄ! ዳኘው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ የማይቀምስ ጿሚ ነው። ዓይኑም የሚወይበው በጾም ነው። የወፍ በሽታ ነው ቢሉት ይማረኝ ብሎ ጾሙን አጠበቀ፤ ባጠበቀ ቁጥር ዓይኑ ባሰበት። ክንዱን ሦስት ቦታ አስተኮሰ። በየሁዳዴው መራራ ሥር እየቀቀለ ጠጣ።

ማኅበሩን በዚያው ተወው። ሚስቱ ሀብትነሽ በዚያው ክረምት ስትሞትበት ለቅሶ የመጡትንም ደጅ ላይ አሰናበታቸው። ከዚያ ወዲህ በርበሬውን ብቻውን ይለቅማል፣ በቆሎውን ብቻውን ይፈለፍላል፤ ቡሬ ገበያ ሲወጣም ከአንገቱ ቀና አይልም።

ዘንድሮ በሁዳዴ እኩሌታ ጎኑን ወጋውና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄደ። ደሙን መረመሩት፣ ሆዱን በመሣሪያ አዩት። ሐኪሟ ሜላት ውጤቱን ይዛ ጠራችው።

«ጋሼ ዳኘው፣ ቢሊሩቢንዎ ከፍ ብሏል።»

«የወፏ ስም ነው?»

ሳቀች። የእሷ ሳቅ ግን አልቆረቆረውም።

«ወፍ የለችበትም። ያረጀ ደም ሲፈርስ ቢጫ ነገር ይወጣዋል፤ ቢሊሩቢን የምንለው እሱን ነው። ጉበት ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። የእርስዎ ጉበት ጤነኛ ነው፤ በዚህች ሥራ ብቻ ሲፈጠር ጀምሮ ዘገምተኛ ነው። ሲጾሙና ሲደክሙ ደግሞ ይብስበታል።»

«ወደ ሰውስ ይጋባል?»

«አይጋባም። የጉበት ቫይረስም የለብዎትም፣ ፈትሸናል። ዓይኑ የወየበ ሁሉ ግን እንደ እርስዎ አይደለም፤ ሌላው መመርመር አለበት። የጎንዎ ውጋት የጅማት ነው፣ ይተውዎታል። የነገሩኝን መራራ ሥር ግን ይተዉልኝ፤ ደህናውን ጉበት የሚጎዳው እሱ ነው።»

«በይ ይህንኑ ጻፊልኝ፤ ማኅተምም አድርጊበት።»

ጻፈችለት። በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። ደስ ያለውን የሚነግረው ሰው ቢፈልግ፣ ከደስታው በቀር አንድም ሰው በሐሳቡ አልመጣለትም።

መጋቢት ሃያ ሰባት ማኅበሩ ደስታው ቤት ነበር። ዳኘው ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ኧረ ዳኘው! ፀሐይ በየት ወጣች ዛሬ? ግባ እንጂ!» ደስታው ተነሣ፤ ጢሙ ሸብቷል።

«አያ ደስታው፣ መጀመሪያ ቃልዎን ያንሡልኝ። ሐኪም መስክሮልኛል፤ የሚጋባ በሽታ የለብኝም።»

«የምን ቃል?»

«የሌሊት ወፍ የሸናችበት ያሉኝን። በወንዳወቅ ግቢ፣ ስምንት ዓመቱ ዛሬ ነው።»

ደስታው የተቀመጡትን ዞሮ አየ። ማሾፉ አልነበረም፤ ግንባሩን ቋጥሮ ነገሩን ፈለገው፣ አጣው።

«ብዬ ይሆናል። የእኔ አፍ መቼ ያርፋል? ግን በማግስቱ ቄሱን ልከንብህ አልነበረም? በር ዘጋህባቸው። በዓመቱም ላክን። ኋላማ የሀብትነሽ ሐዘን ጠንቶበት ነው የማይመለስልን ብለን ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ ስምንት ዓመት ብቻህን የተቀመጥኸው ለዚህች ነው?»

የሳቀ አልነበረም። ሁሉም መልሱን እየጠበቁ ያዩታል። ዳኘው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዞሮ በበቆሎው ማሳ በኩል መንገዱን ያዘ።