አርባ አምስተኛው ቀን

አቶ አራጋው ቀን ሲቆጥሩ ሰንብተዋል። የልጃቸው የሰርካዲስ ሕፃን ነገ አርባ አምስት ቀን ይሞላታል፤ የመጀመሪያው ክትባት ቀን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ ግን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም ብለዋል። ነፋስ ያገኛታል፣ ዓይን ይበላታል።

አራጋው ክርክር አይወዱም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በኩራቸው ወንድምአገኘሁ በሰባት ወሩ በሳንባ ምች ሲሞት በሩ ዝግ፣ ቤቱም ሙቅ ነበር። ያን ጊዜ የሳንባ ምች ክትባት በአገር አልነበረም። አሁን ከሰፈሩ ቧንቧ ቁልቁል ሲወርዱ ጤና ጣቢያ ውስጥ አለ።

ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ሞላልኝ ሄዱና ነገሩን ባጭሩ ነገሯቸው። ቄሱ ተከትለዋቸው መጡ። ትርፌ መስቀል እስኪሳለሙ ቄሱ ጠበቁና፣

«ሰማንያ ቀን የተባለው ለቤተ ክርስቲያን ነው። ጤና ጣቢያ አትሂድ የሚል መጽሐፍ እኔ አላነበብሁም» አሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩን አባ?» አሉ ትርፌ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ትርፌ ተነሥተው ለነገ የሚሆን ነጠላ አወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት አራሷ ሰርካዲስና ሕፃኗ በነጠላ ተከልለው ከአያቶቹ ጋር በባጃጅ ወረዱ። ትርፌ ለዓይን መከላከያ ብለው ቢላዋ ሸጉጠዋል። ክትባት የምትሰጠው ረውዳ አየችና ሳቀች።

«ይያዙት እትዬ፤ እኔም የያዝሁት ብረት ነው።»

አንዱን መርፌ በቀኝ ጭኗ ወጋቻት፤ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ነው። ሌላውን በግራ ጭኗ። ሕፃኗ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ረውዳ ሊያተኩሳት እንደሚችል፣ ከአራት ሳምንት በኋላም መመለስ እንዳለባቸው ነግራ ካርዱን ሰጠቻቸው።

ሲመለሱ ትርፌ ባጃጁን ሰፈሩ መግቢያ ላይ አስቆሙት። ሕፃኗን ራሳቸው ታቅፈው፣ ሰው እያያቸው፣ በእግራቸው ፊት ፊት ሄዱ። ጎረቤታቸው አትጠገብ ከደጇ ሆና፣ ሳትጠመቅ አወጣችኋት ወይ ብላ ጠየቀች።

«በቀኗ አስከተብናት» አሉ ትርፌ። «ያንቺ የልጅ ልጅ ስንት ቀን ሆናት?»

«ሃምሳ አልፏታል።»

«ዘግይተሻል። ነገ ጠዋት ጠብቂኝ፤ እኔ እወስዳችኋለሁ።»

አራጋው ከኋላ ሆነው ሰሙ። አካሄዳቸው ቀና አለ።