ዓርብ ዓርብ የሚፈታው ቧንቧ

ለሦስተኛ ጊዜ ቧንቧው የተፈታው፣ እንደ ፊተኞቹ ሁሉ፣ ዓርብ ቀን ነው። ዓብዱራህማን ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ ባለቤቱ ፈሂማ አጥሩ ጥግ ቆማ ስትጠብቀው አየና ሳትናገር ገባው።

«እዚያው ነው?» አላት።

«እዚያው። የወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ ከጃፈር ማሳ ግርጌ።»

ዓብዱራህማን ከአልዩ አምባ በታች ያለችው የሾላ ሜዳ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ካለ ምንጭ ነው። ድሮ ቦኖው ከምንጩ እስከ መንደሩ ባለው ዳገት መሐል ላይ ስለነበር ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው ሲወጡና ሲወርዱ ግማሽ ቀናቸው ያልቅ ነበር። አምና ዓብዱራህማን ሰውን አስተባብሮ፣ ቦይ አስቆፍሮ፣ የተገኘውን የፕላስቲክ ቧንቧ እየቀጣጠለ ውሃውን መንደሩ መሀል ድረስ አወረደው። መሐንዲስ አልጠራም። ውሃ ቁልቁል መውረዱን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል ብሎ ነው።

መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ውሃው ጭቃውን አቡክቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቧንቧው አልተሰነጠቀም፣ አልተቆረጠም። ከመጋጠሚያው ላይ ሰው በእጁ የነቀለው ይመስል ወልቆ ተጋድሟል። ዓብዱራህማን ቁጢጥ ብሎ ጫፉን ዳሰሰው። ራሱ ነው ያጠበቀው፤ ባለፈው ቅዳሜ፣ በትልቁ መፍቻ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ።

ከማሳው ወዲያ ጃፈር ቆሞ ያያል። ቦኖው የት ይሁን በተባለ ጊዜ ወደኔ ሰፈር ይቅረብልኝ ብሎ ከዓብዱራህማን ጋር ተቃቅሮ የቀረ ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ መስጊድ አልታየም።

«የት ሰገድክ?» አለው ዓብዱራህማን።

«አልዩ አምባ። በሬ ልገዛ ገበያ ሄጄ ሶላቱ እዚያው ደረሰብኝ።»

«ባለፈውስ?»

«ባለፈው ካንተ ኋላ ነበርኩ። ዞር ብለህ አላየኸኝም።»

ዓብዱራህማን ማመን አቃተው። በማግስቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነገሩ እስኪጣራ የጃፈር ቤት ከቦኖው ውሃ እንዳይቀዳ ወሰነ። ሐሳቡን ያመጣው ሰብሳቢው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጃፈር ባለቤት አፊፋ ጄሪካኗን ይዛ በቦኖው አጠገብ እያለፈች ወንዝ መውረድ ያዘች። ሰላምታ ትሰጣለች፣ አትቆምም።

ፈሂማ ይህን አልወደደችውም። «ቧንቧ የሚነቅል ሰው ሦስቴ እደጁ ላይ ይነቅላል?» አለችው አንድ ማታ እራት ላይ።

ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችው። ሰኞ ማለዳ መኪና ይዞ አንኮበር ወጣ። ዳገቱን ሲጨርሱ ጆሮው ድፍን አለበት፤ ምራቁን ሲውጥ ጧ ብሎ ተከፈተ። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ገብቶ መሻገሪያው ላይ የሚታጠር የብረት ሽፋንና ቁልፍ እንዲሰጡት ጠየቀ። ያነጋገረችው ወለተሐና የምትባል ቴክኒሻን ናት፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ስለ ሌባው ምንም አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ሌላ ሌላውን ነው።

«ጋሽ ዓብዱራህማን፣ የሚፈታው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«በሶላት ሰዓት። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ባለው።»

«ያኔ ቦኖው ክፍት ነው ወይስ ዝግ?»

«ዝግ ነዋ። ሰው ሶላት ላይ እያለ ውሃ እንዳይባክን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እኔው ነኝ የምቆልፈው።»

«ከላይ ምንጩ ሥር ያለው ገንዳ ቫልቭስ?»

«እሱ ክፍት ነው። ዘበኛው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከፍቶ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋዋል፤ ገንዳው እንዲሞላ።»

«በሌላው ቀን ከጠዋት እስከ ስምንት ቦኖው ይዘጋል?»

«ሰልፉ መቼ ያልቅና!»

ወለተሐና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችው። ዓብዱራህማን ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ አንድ ነገር ማጥፋቱን ግን ከፊቷ አነበበ።

ረቡዕ ዕለት መጣች። ከቦርሳዋ የሰዓት ፊት የመሰለ፣ መስታወት ያለው፣ ቀጭን መርፌ ያለበት ነገር አውጥታ ቦኖው ላይ አሰረችው። የግፊት መለኪያ ነው አለችው። ሴቶቹ እየቀዱ ሳለ መርፌው ሦስት ላይ ቆመ። «አሁን ሁሉንም ዝጉ» አለች። ቧንቧዎቹ ሲዘጉ መርፌው ተነሣና ስድስትን፣ ዘጠኝን አልፎ አሥራ አራት ላይ ሄዶ ቆመ።

ዓብዱራህማን መለኪያው የተበላሸ መሰለው። «ክፈቱት» አለ። ከፈቱት፤ ወረደ። «ዝጉት» አለ። ዘጉት፤ ወጣ።

«ልጄ፣ ይሄ የተገላቢጦሽ ነው» አላት። «የሚሮጠው ውሃ ነው እንጂ የሚገፋው፣ የቆመው ምን ጉልበት አለው?»

«የሚሮጠው ጉልበቱን መንገድ ላይ ከቧንቧው ጋር እየታገለ ይጨርሰዋል። የቆመው ግን ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ ነው የሚቆመው። አሥር ሜትር በወረደ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ይጨምራል። ከገንዳው እስከዚህ ቁልቁለቱ መቶ አርባ ሜትር ነው፤ ያው አሥራ አራት ሆነ። መሻገሪያው ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። ቧንቧው ላይ የተጻፈውን አይተውታል? አሥር ነው የሚችለው።»

«እሺ፣ እኛ ቀጭኑን ቧንቧ ነው የዘረጋነው። ቀጭን ውስጥ ያለ ውሃ ትንሽ ነው። ትንሽ ውሃ ይህን ያህል ይከብዳል?»

«ብዛቱ አይደለም። ከፍታው ነው።»

እዚህ ላይ ጨርሶ ጠፋበት። ወለተሐና ይህን አይታ ፈሂማ ግቢ ያለውን ውሃ የሞላ በርሚል አስከፈተችና ከታች ባለው ቧንቧ ላይ ጣት የምታክል፣ ውስጧ የሚታይ ጎማ ሰካች። ጫፏን ከበርሚሉ አፍ በላይ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ለዓብዱራህማን ሰጠችው። ዓብዱራህማን ፊቱን ዞር አደረገ፤ ያ ሁሉ ውሃ በዚያች ቀጭን ጎማ ተወርውሮ የሚያለብሰው መስሎት ነበር። ውሃው በጎማዋ ውስጥ ወጣና በርሚሉ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ትክክል ሲሆን ቆመ። ጎማዋን ወደ ግራ ወሰዳት፣ ወደ ቀኝ ወሰዳት። ውሃው ንቅንቅ አላለም።

«ሁለት መቶ ሊትር ነው ይሄ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህች ውስጥ ያለው አንድ ብርጭቆ አይሞላም። እንዴት አያሸንፋትም?»

«ቁመታቸው እኩል ነዋ» አለች ወለተሐና።

እሷ ከሄደች በኋላ እስኪመሽ ድረስ ጎማዋን ይዞ ግቢው ውስጥ ሲነሣና ሲቀመጥ ዋለ። ፈሂማ ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሦስተኛውን ስትጠራው፣ «እኔ ነኝ» አላት። «ዓርብ ዓርብ ስቆልፈው የነበርኩት እኔ ነኝ። ጃፈር አይደለም።»

«ታዲያ ይህን ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አለችው።

ዓርብ ዕለት ቦኖውን ሳይቆልፍ ከላይ ቫልቩን አስዘግቶ መስጊድ ገባ። ሶላቱ አልቆ ሰው ሳይበተን ኢማሙን አስፈቅዶ ቆመ። ጃፈር ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል።

«ቧንቧውን የነቀለ ሰው የለም» አለ። «ውሃው ራሱ ነው የነቀለው። እኔ ስቆልፈው መውጫ አጥቶ ቆመና... ሲቆም ግፊቱ በረታ...»

«ቆሞ ነው የሚገፋው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አዎ። ሲቆም ነው።»

«ሲሄድስ?»

«ሲሄድ ይቀንሳል።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዓብዱራህማን ስለ አሥር ሜትር ሊነግራቸው ጀመረ፣ ከበርሚሉ ጋር ተቀላቀለበት፣ ወደ ጎማዋ ሄደ፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋው። በመጨረሻ፣ «ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለ። «በዓይኔ ግን አይቻለሁ። ጃፈርን ያለ ጥፋቱ ከውሃ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ጃፈር፣ አፉ በለኝ።»

ጃፈር ከተቀመጠበት ተነሣ። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት በወለተሐና ምክር መሐል ዳገቱ ላይ፣ የድሮው ቦኖ ከነበረበት ቦታ፣ የግፊት መቀነሻ ገንዳ ሊሠራ ቁፋሮ ተጀመረ። ውሃው እዚያ ገብቶ አየር ያገኝና እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል ተባለ። በሁለተኛው ቀን ጃፈር ዶማውን ይዞ መጣና ከወዲያኛው ጫፍ መቆፈር ጀመረ። ለዕረፍት ሲቀመጡ እሱው መጥቶ ዓብዱራህማን አጠገብ ተቀመጠ።

«እስቲ ንገረኝ» አለው። «ያው ውሃ፣ ያው ቁልቁለት። መሐል ላይ ጉድጓድ ስላገኘ ከላይ የነበረው ክብደት የት ይሄዳል?»

ዓብዱራህማን ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ። «እኔም እሷን ይህን ልጠይቃት ነበር» አለ።

ጃፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። ከዚያ ፊቱን መለስ አደረገና፣ «በኔ በኩል አፉ ብያለሁ» አለው። «ግን ወንዝ የወረድኩት እኔ አይደለሁም። አፊፋ ናት። እሷን ራስህ ጠይቃት።»

ገንዳው አልቆ ውሃው የተለቀቀ ዕለት ወለተሐና መለኪያውን እንደገና ቦኖው ላይ አሰረችው። ሁሉም ተዘግቶ መርፌው ሰባት ላይ ቆመ። ሰዉ እልል አለ። ዓብዱራህማን ሰባት ለምን ሰባት እንደሆነ ሊጠይቃት አስቦ ተወው። ሁለት ጄሪካን ሞላና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አንጠልጥሎ ወደ ጃፈር ቤት ሄደ።

አፊፋ ደጃፍ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኛት። ቀና ብላ አየችው፤ ሰፌዱን ግን አላስቀመጠችም። ጄሪካኖቹን አወረደና ቆመ። መንገድ ላይ ሲደረድረው ከመጣው ቃል ሁሉ፣ «አፊፋ፣ አፉ በይኝ» የሚለውን ብቻ አላት።