ሚቸል ወይስ ኑርሁሴን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2015 ሙንታሲር የበኩር ልጁን «ሚቸል» ብሎ አስመዘገበ። ስም ማውጣት የአያት መብት መሆኑን ያውቃል፤ ሆኖም የመዝገቡ ስም ለሚኖሩበት የፈረንጅ አገር፣ አባቱ የሚያወጡት ደግሞ ለቤት ይሆናል ብሎ ስላሰበ አልነገራቸውም። በሁለት ስም መጠራት ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም። ሚስቱ ኢናስ ግን ሕፃኑን ባቀፈች ቁጥር ይህ ዝምታ ያስፈራት ነበር።

አቂቃው፣ የሕፃኑ ስም ማውጫ ድግስ፣ በሰባተኛው ቀን ዋይንድሃም ቬል በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ተደገሰ። የሙንታሲር የሥራ ባልደረቦች የላኩት ሰማያዊ ፊኛ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቱ ጋሼ ኸሊል ከሚኖሩበት ሰፈር ከሴንት አልባንስ እንደደረሱ ፊኛው ላይ የተጻፈውን ስም በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ ሚቸል የሚሉት ማነው? አከራይህ ነው?»

«ልጁ ነው፣ አባ።»

«የልጁ ስም ኑርሁሴን ነው።»

ኑርሁሴን በቀይ ሽብር ዘመን ደሴ ላይ የተረሸነው ታናሽ ወንድማቸው ነው። አስከሬኑን እንኳ አልሰጧቸውም።

«እሱ የቤት ይሁን» አለ ሙንታሲር። «ሚቸል የትልልቅ ሰዎች ስም ነው። ኳስ ተጫዋች አለ፣ ዳኛ አለ፣ ይህን አገር እየለካ ካርታ ያነሳ ሻለቃም አለ።»

ኢናስ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ታሪክ ነው። ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ «የዚያ ሻለቃ ሰዎች መሬይ ወንዝ ውስጥ ገብተው በሚሸሹ የአገሩ ተወላጆች ላይ ተኩሰዋል» አለችው። «እሱም ሰዎቹ ስለተበተኑ ቦታውን የብተና ተራራ ብሎ ሰየመው።»

ለባሏ ያለችውን አማቷ ሰሙት።

«በነፍሰ ገዳይ ስም! የኔን የልጅ ልጅ!»

ከዘራው የሙንታሲርን ከንፈር ሰነጠቀው።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ ሙንታሲር፤ አባቱን አንተ ብሎ አያውቅም። ከዘራውን ነጥቆ ትከሻቸውን መታቸው። ሲወድቁ አፋቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ደሙ ነጩን ጀለቢያ አራሰው። ደግሞ ሰነዘረ። እንግዶቹ ሊይዙት ሲረባረቡ ከዘራው ከእጁ አምልጦ ኢናስ ያቀፈችውን ሕፃን ግንባሩ ላይ አገኘው።

ሕፃኑ ለአፍታ ትንፋሽ አጣ፤ ከዚያ ጮኸ። ደም በቅንድቡ ላይ ወረደ።

«አምጪው፣ ልየው» አለ ሙንታሲር።

«ቆይ፣ ልጄ፣ ስሙን በጆሮው ልጥራለት» አሉ ጋሼ ኸሊል ከወለሉ ላይ፣ የተሰበረ ጥርስ እየተፉ።

ኢናስ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

«ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ከዚያ ዳንደኖንግ እናቴ ጋ እንገባለን። ስሙን እኔ አወጣለሁ።»