የአምስተርዳም ቋጠሮ

ሌንደርት ዕድሜውን በጎታች መርከብ ላይ የፈጀ ሰው ነውና፣ ሮተርዳም የሚታየው ከውሃ ላይ ነው ብሎ ያምናል። ልጁ ሂልየ ከወንዙ ደቡብ፣ ከአባቷ ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ፣ የወደደችው ቤት አግኝታለች። እጮኛዋ ዩሪያን ግን የአምስተርዳም ልጅ ነው፤ «ከተማው ልቤ ካልገባ አልኖርበትም» ብሏል። ስለ ቤቱ መልስ የሚሰጡት ነገ ነው። ስለዚህ ሌንደርት እሁድ ጠዋት ሁለት ብስክሌቶች በትንሿ ጀልባው ላይ ጭኖ የወደፊት አማቹን ይዞ ወጣ።

«ያውልህ ድልድዩ!» አለ ወንዙ መሃል ሲደርሱ፣ ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

«ትልቅ ነው» አለ ዩሪያን። «የእኛዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ግን ሰው ቆሞ ያያቸዋል።»

«እዚህ የሚቆም ሰው የለም። ሸሚዝ እንኳ ከሱቅ የሚወጣው እጅጌው ለሥራ ተሰብስቦ ነው።»

«ቀልዷን ሂልየ ነግራኛለች።»

«ቀልድ ማን አለህ?»

በሰሜኑ ዳር ወደ ወደቡ የድንጋይ ግንብ ተጠጉ። ሌንደርት የኋላውን ገመድ ዘለግ አድርጎ አሰረና ብስክሌቶቹን በደረጃው ማውጣት ጀመረ። የፊቱን ገመድ ዩሪያን አሰረው፤ አጭር፣ ጥብቅ፣ ቆንጆ ቋጠሮ። ሌንደርት ሌላ ሰው ያሰረውን ሳይፈትሽ ከመርከብ ወርዶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ዓይኑ የልጁ እጮኛ ፊት ላይ ነበር።

ነፋሱን እየታገሉ ጋለቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የከተማው መሃል ሲቃጠል እሳቱ የቆመበት ድንበር ዛሬ በእግረኛ መንገዱ ላይ በተቀበሩ መብራቶች ይታወቃል። ሌንደርት ብስክሌቱን አቆመና፣ «ከዚህ ወዲህ ያለው ሁሉ ከአመድ የተነሣ ነው» አለ። ዩሪያን ወደ ሕንጻዎቹ ቀና ብሎ አየና ፔዳሉን ረገጠ። ሌንደርትም ከተማውን ይውደደው አይውደደው መለየት አቃተው።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ውሃው ወርዶ የጀልባዋ አፍንጫ በአጭሩ ገመድ ግንቡ ላይ ተሰቅሏል፤ ኋላዋ ውሃ ይጠጣል።

«ማነው ያሰራት?» ብላ ጮኸች ኔልትየ፣ አጠገቡ በቆመው የጭነት ጀልባ ላይ የምትኖር የሌንደርት የድሮ የሥራ ባልደረባ። «ሌንደርት እንዲህ አያስርም!»

«እኔ ነኝ» አለ ዩሪያን።

«ከአምስተርዳም ነህ አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«በቋጠሮው! የእናንተ ውሃ በር ተዘግቶበት ይተኛል። የእኛ በቀን ሁለቴ ከባሕር ጋር ይመጣል፣ ከባሕር ጋር ይሄዳል። ገመድ ካልተለቀቀለት ጀልባውን ሰቅሎልህ ይሄዳል!»

የዩሪያን ጆሮ ቀላ። ቢላ ሲያወጣ ሌንደርት እጁን ያዘው። «አሁን ከቆረጥከው ትገለበጣለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማየት ነበረብኝ።»

ኔልትየ ረጅም ገመድ ወረወረች። አንድ ሰው ወርዶ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ማሰር ነበረበት። ሌንደርት ጃኬቱን ማውለቅ ሲጀምር ዩሪያን የብረቱን መሰላል ግማሽ ወርዶ ነበር። እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ ገመዱን አሰረ። ሌንደርትና ኔልትየ ገመዱን በወደቡ የብረት ምሰሶ ላይ ጠምጥመው ወጠሩት፤ አጭሩን ገመድ ቆርጠው ጀልባዋን ቀስ በቀስ አወረዷት። ተንሳፈፈች። ዩሪያን ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ሲያፈስ አንዴም አላረፈም።

«በል እንሂድ፣ በርዶሃል» አለ ሌንደርት። ቀኑ የከሰረ መስሎት ነበር።

«ውሃው መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ወደ ማታ ገደማ።»

«ልየው።»

ከኔልትየ በተዋሰው ሰፊ ሹራብ ተጠቅልሎ ግንቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃው የመሰላሉን ብረቶች አንድ በአንድ እየዋጠ ሲወጣ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ሂልየ፣ ቤቱን እንውሰደው።… አይ፣ ልቤ የገባው ድልድዩ አይደለም። ውሃው ተመልሶ ይመጣል እኮ!»

ሌንደርት ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

«ማነው ይሄ እርጥብ ሰውዬ?» አለች ኔልትየ።

«አማቼ ነው! ጀልባዬን ያዳናት እሱ ነው።»

«ሊያሰምጣት የነበረውም እሱ ነው!»

«እሱም ቢሆን አማቼ ነው» አለ ሌንደርት፣ በዳሩ የሚያልፉ ብስክሌተኞች ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ።