ኖራ የተጻፈበት ጆንያ

ተረፈ ጠዋት ጠዋት፣ ከጸሎት በፊት፣ በአጥሩ ስንጥቅ አሾልቆ የጎረቤቱን ጓሮ ያያል። ሠላሳ ዓመት ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ ያስተማረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በጓሮው የአቮካዶ ችግኝ የሚያፈላ፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሽማግሌነት የሚያገለግል ሰው እንዲህ ያደርጋል ቢባል ማን ያምናል? ያደርግ ነበር። አንድም ቀን አልዘለለም።

ጎረቤቱ ሀሚዳ ናት። ባሏ ሳዲቅ መንገድ ዳር ሱቅ አለው፤ እሷ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ችግኝ ታፈላለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ያስተማራት ተረፈ ነው። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍል ሳትገባ አገባችና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። እንግዲህ የበለጠችው ይህቺ ናት። የእሷ ችግኝ ቅጠሉ ወፍራም፣ ቅባት የጠጣ ይመስል የሚያብረቀርቅ ነው። የእሱም ደህና ነበር። ቅናት ለያዘው ሰው ግን ደህና ነገር አይበቃውም።

የባሰበት የጊምቢቹ አቮካዶ አምራቾች ማኅበር ተወካይ ዕንባቆም ከደወለ በኋላ ነው። ዕንባቆም በሰኔ መጀመሪያ እንደሚመጣ፣ የሁለቱንም አይቶ ለማኅበሩ ተከላ የሚሆነውን ችግኝ ከአንዳቸው ብቻ እንደሚመርጥ ነገረው። ያን ቀን ተረፈ ምሳ አልበላም። ሚስቱ ጵርስቅላ ምን ነካህ ብትለው፣ ተማሪው በለጠችው ተብሎ በሆሳዕና ሊወራበት እንደሆነ ነገራት። ቢወራስ ምን ይጎድልብሃል አለችው። የሚጎድልበትን እሱ ያውቃል።

በማግስቱ በስንጥቁ ሲያይ ሀሚዳ ጆንያ ተሸክማ ስታልፍ አያት። ጆንያው ላይ በትልቁ «ኖራ» የሚል ተጽፎበታል። ግብርና ለአሲዳማ መሬት ማከሚያ የሚያድለው ዓይነት ነው። ተመልሳ ሁለተኛ ወሰደች፤ ሦስተኛም። የት እንዳፈሰሰችው አጥሩ ከለለው፣ ለእሱ ግን ያየው በቂ ነበር። ለካ ምስጢሯ ይህ ነው፤ ደብቃው ኖሯል አለ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከማሳ የተረፈ ሁለት ጆንያ ኖራ ነበረው። ፎንቆ ካለው ወንድሙ ዘንድ ሁለት አስመጣ፤ እሷ ሦስት ካደረገች እሱ አራት ማድረግ አለበት። በየችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ እየሰፈረ ጨመረ፣ አጠጣ፣ ጠበቀ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አናቱ ላይ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው መረብ መሰሉ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ግን ምንም አልሆነም። ተማሪ ቢጠይቀው ቁጭ ሳይል የሚመልሰው ጥያቄ ነበር። ቅናት ግን ሌላ መልስ አቀበለው፤ ኖራው አንሶ ነው አለና እንደገና ጨመረ። ቢጫው ወደ ነጭ ሲሄድ ደግሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ሰውዬ፣ የሀሚዳ ዓይን ነው አለ። አጥር ላይ ዓይኑን ለጥፎ የከረመው ራሱ መሆኑ ትዝ እንኳ አላለውም።

ዕንባቆም በቀጠሮው መጣ። የተረፈን ችግኝ እያገላበጠ አየ፣ አንዱን ቅጠል በጥሶ ወደ ብርሃን ያዘውና ምን ጎድሎት እንደሆነ ጠየቀ። ተረፈ ናይትሮጅን ነው አለ። ዕንባቆም ራሱን ነቀነቀና ወደ ሀሚዳ ጓሮ ተሻገረ፤ የማኅበሩንም ችግኝ ከእሷ መርጦ በዚያው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሀሚዳ በአንድ እጇ የመድኃኒት መርጫ፣ በሌላው አሮጌ ደብተር ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ቀደም ብዬ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። እርስዎ እያወቁት እኔ ምን ብዬ ነው የምናገረው ብዬ ፈራሁ» አለችው። «ያጣው ብረት ነው። ቅጠሉ ላይ የሚረጭ አምጥቻለሁ፤ አዲሱ ቅጠል ይመለስ ይሆናል።»

ተረፈ ራሱን መግዛት አልቻለም። «አንቺስ ያን ሁሉ ኖራ ጨምረሽ እንዴት አልነጣብሽም?»

«የምን ኖራ?»

«በጆንያ የተሸከምሽው።»

ሀሚዳ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ አጥሩን አየች። ገባት። «ጆንያው ነዋ የኖራ። ሳዲቅ ባዶውን አምጥቶልኝ ኮምፖስት ሞላሁበት» አለች። አልሳቀችበትም። ብትስቅበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ደብተሩን ገልጣ ሰጠችው። ኖቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ግን አስተማሪው ሲያብራራ በአማርኛ ያለውን ሁሉ በደቃቅ ጽሕፈት ጽፋዋለች። «ብረት ያጣ ተክል አረንጓዴውን መሥራት አይችልም። አረንጓዴው ከሌለ ከብርሃን ምግብ አይሠራም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይራባል። መጀመሪያ የሚነጣው አዲሱ ቅጠል ነው። ብረት አፈሩ ውስጥ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፤ ኖራ ከበዛ ግን ሥሩ ሊወስደው አይችልም።»

«ዓምና የእኔም አመድ አብዝቼበት ነጥቶ ነበር» አለች። «ይህን አንብቤ ነው ያዳንኩት።»

ከገጹ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው የራሱ ነው። ያኔ የስልሳ ተማሪ ደብተር ከምሮ አንድም መስመር ሳያነብ እንደሚፈርም አስታወሰ።

ሀሚዳ መርጫውን ይዛ ወደ ችግኙ ሄደች። ተረፈ ደብተሩን እንደያዘ ቀረ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይህን ሁሉ ያውቅ በነበረው በዚያ ሰው ቀና።