ጨረቃ በጨለመችበት ምሽት የተወለደችው

ዐፊፋ ልጇን የወለደችው ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በጨለመችበት ምሽት ነው። የአሶሳ ሰው ጨረቃዋ እንድትመለስ ደጅ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ወንዶች መስጊድ ገብተው ሲሰግዱ፣ እሷ የሕፃኗን ጣቶች ትዳስስ ነበር። ባሏ ማህጁብ በሩ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ክልሉ በአዲስ መልክ ሲቋቋም ከመምህርነት ተነስቶ የቢሮ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው።

"ጨረቃዋ ደም መስላለች" አለ። ልጁን አላቀፋትም።

በሰባተኛው ቀን ፍየል አርዶ ሽማግሌዎች ጠራ። ዐፊፋ የልጇ ስም የሚወጣ መስሏት ሂና ተቀብታ ተቀመጠች። እንግዶቹ በልተው ሲጠግቡ ማህጁብ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያን ምሽት ሁላችሁም አይታችኋል። እንዲህ ያለ ምልክት በከንቱ አይመጣም። ይህች ልጅ እዚህ ካደገች ቤቴም ሹመቴም ይጠፋል። ከእናቷ ጋር ወደ አያቷ ትሂድ።"

ማህጁብ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ መላኩን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ዐፊፋም እርጉዝ ሳለች ሰምታ ችላው ነበር።

"እውነት ነው፤ የድሮ ሰዎችም እንዲህ ይሉ ነበር" አለ ዐወድ፣ ማህጁብ ወንድሙን በጥበቃነት ያስቀጠረለት ጎረቤት። ከንፈሩ ላይ የፍየል ስብ ያብለጨልጫል። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። 

የዐፊፋ አባት ባቢከር ሥጋውን አልነኩም ነበር። "ዐወድ፣ ያን ምሽት ከጎኔ ነው የሰገድከው። ኢማሙ ጨረቃ ለማንም ሞት፣ ለማንም ልደት ብላ አትጨልምም አላሉም?"

ዐወድ ጣቶቹን መላስ ጀመረ።

"አባ፣ ሃይማኖት ሌላ፣ ምልክት ሌላ" አላቸው ማህጁብ።

ባቢከር ሊመልሱ ሲሉ ዐፊፋ ተነሳች። "ተው አባ፣ አትለምንልኝ።" ወደ ባሏ ዞረች። "ሌላ ማግባት ፈለግህ፤ ማንም አልከለከለህም። እሱን መናገር አፍረህ በሰባት ቀን ሕፃን ታላክካለህ? አስጠላኸኝ።"

የዚያኑ ቀን ከአባቷ ጋር ወደ መንደራቸው ሄደች። ልጅቷን ባቢከር ሂባ፣ ስጦታ ሲሉ ሰየሟት።

ማህጁብ ወሩ ሳይወጣ አገባ። ሂባ መሮጥ ስትጀምር ግን በግምገማ ከሹመቱ ወረደ፤ አዲሷም ሚስቱ ጥላው ወጣች። ይሄኔ ዐወድን ለእርቅ ላከው።

"የያን ጊዜው ምልክት ለካ ለልጅቷ አልነበረም፤ ለእሱ ኖሯል" አለ ዐወድ፣ ተመቻችቶ እየተቀመጠ።

ዐፊፋ ተነሳች። እንግዳ ነውና ውሃ ቀዳችለት። ጠጥቶ ሲወጣ ኩባያውን በሁለት ጣቷ አንስታ ጓሮ ወረወረችው።