ቀለበቱ የተቆረጠበት ቦታ

እታለም ወሬ ስትጀምር ከመሃል ነው። «እሱም ተናዶ ወጣ» ትላለች፤ ማን እንደወጣና ምን እንዳናደደው ለማወቅ እስከ ማብቂያው መታገሥ ግድ ነው። የወንድሟ ልጅ ለምዳዋለች፤ ያሳደገቻት እሷው ናትና።

እታለም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራች። የወንድሟ ልጅ ደግሞ እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የባክቴሪያ ዲኤንኤ እያነበበች ታወዳድራለች። በዚያ ወር ሦስት ሕፃናት ትኩሳት ያዛቸው፤ ባክቴሪያው ለአንቲባዮቲክ አልበገር አለ። የሠራተኛው ሁሉ እጅ ሲመረመር መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ የተገኘው በእታለም እጅ ላይ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ጥፋቱ የሷ ከተባለ ከሕፃናቱ ክፍል ትነሣለች። እሷን ከዚያ ማንሣት ማለት ደግሞ መግደል ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

ባክቴሪያ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ይይዛል። መድኃኒት መቋቋሚያው ብልሃት የተጻፈው እሱ ላይ ነው፤ ክፋቱ፣ ዘመዱ ላልሆነ ባክቴሪያም ያቀብለዋል። ስለዚህ ልጅቷ ቀለበቶቹን አወዳደረች፦ የሕፃናቱን፣ የእታለምን እጅ፣ የክፍሉን የእጅ መታጠቢያ ማስወገጃ ቱቦ። የሕፃናቱና የእጁ አንድ ሆኑ። የመታጠቢያው ፈጽሞ አልገጠመም። ይህ ጥፋቱን እታለም ላይ የሚጥል ነው።

ረቡዕ እታለም ምሳ ይዛላት ወረደች።

«... እናቲቱም አልቅሳ አልቅሳ ሳቀች አልኩሽ።»

«እታለም፣ በናትሽ አንዴ እንኳ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ!»

«ከየትም ብጀምር ወሬው ያው ነው። ይልቅ ምሳሽን ብዪ።»

ልጅቷ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። ቀለበት መጀመሪያ የለውም! ኮምፒውተሩ በመስመር ለመጻፍ ሲል ካሻው ቦታ ይቆርጠዋል። እሷ ደግሞ መነሻቸውን አንድ ሳታደርግ ፊደል በፊደል አስተያይታቸው ነበር፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎቿን የምትቆጣበት ስሕተት። የሕፃናቱንና የእጁን ከአንድ ቦታ ቆርጦት ኖሮ ገጠሙ፤ የመታጠቢያውን ግን ከሌላ ቦታ ነበር የቆረጠው። ሦስቱንም ከአንድ ቦታ አስጀምራ እንደገና አወዳደረች። ሦስቱም አንድ ቀለበት ነበሩ።

ዘላ ልታቅፋት ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች። የመታጠቢያው ናሙና ለወትሮው ቁጥጥር የተወሰደው ሕፃናቱ ከመታመማቸው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሌሎቹ ነርሶች እጃቸውን አልኮል ሲቀቡ፣ እታለም «እጅ ውሃ ካልነካው አይጠራም» ባይ ናት፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ እዚያው ትታጠባለች።

«ምን አገኘሽ?» አለች እታለም። «እኔ ነኝ?»

ልጅቷ ግማሹን ነግራት ዝም ማለት አማራት።

«ከመታጠቢያው ነው የመጣው። ግን ... ያለፈው በእጅሽ ሳይሆን አይቀርም፣ እታለም።»

እታለም የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመች።

«ሁለቱንም ጻፊው» አለች በመጨረሻ። «ለኔ አዝነሽ ብትደብቂው፣ ነገ ሌላዋ ትታጠብበታለች።»

«ቢያነሡሽስ?»

«ጻፊ አልኩሽ እኮ! ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

ጻፈችው። ሐሙስ ኮሚቴው መታጠቢያው እንዲነቀል ወሰነ፤ እታለምን ግን አላነሣትም። ልጅቷ በደስታ ስታለቅስ ዋለች።

አርብ ጠዋት ሕፃናቱ ክፍል ወጣች። ሁለቱ ድነው ወጥተዋል። ሦስተኛው ትኩሳቱ በርዶለት፣ ርቦት ይጮኻል። እታለም አጠገቡ ቆማለች፤ እጆቿ ወደ ኋላዋ ናቸው።

«ምነው፣ አታነሺውም?»

«ሌላ ሰው ጥሪልኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ የእታለምን እጆች ከኋላዋ ሳበቻቸው፤ አልኮል አፈሰሰችባቸውና በጣቶቿ መሃል፣ በጥፍሯ ሥር፣ እስከ አንጓዋ አሸችላት። እስኪደርቅ ድረስም ይዛቸው ቆየች።

«አሁን አንሺው።»

እታለም ሕፃኑን አነሣችው።

«እሽሽ ... በል ዝም በል፣ አንተ ጯሂ» አለችው፣ ራሷ እያለቀሰች።